ባል፣ ስልክና ማጀት፦ በአምባ ጊዮርጊስ የጋራ ወጥ ቀረጻ ላይ የተደረገ መጠነኛ ጥናት

«ወንድ ልጅ ማጀት አይገባም» የሚለው ደንብ በወገራ ወረዳ ዋና ከተማ በአምባ ጊዮርጊስ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ሁለት ልዩ ሁኔታዎችን ብቻ ያውቅ ነበር፤ አንዱ ጣሪያው ሲያፈስ፣ ሌላው በሬው ገመድ በጥሶ ሲገባ። አሁን ሦስተኛ ተጨምሯል። ሚስት ወጥ ስትሠራ ለዩቲዩብ ለመቅረጽ ባል ስልክ ከያዘ ይገባል። ከያዘው ስልክ ኋላ እስከቆመ ድረስ ሴታሴት የሚለው የለም፤ ሥራ ላይ ነውና።

በዚህ ጥናት «ባል» እና «ሚስት» የተባሉት የታወቁ ሰዎች አይደሉም። እንደ በርበሬ ከብዙ ጓዳ ተውጣጥተው የተቀመሙ ናቸው። ጎረቤት ራሱን ካገኘ አጥኚው ኃላፊነት አይወስድም።

የዘርፉ ታሪክ አጭር ነው። ዩቲዩብ ላይ የመጀመሪያው ቪዲዮ የተጫነው በሚያዝያ 1997 ዓ.ም. ሲሆን ርዝመቱ 19 ሰከንድ ነው። አንድ ወጣት ዝሆኖች ፊት ቆሞ ስለ ኩምቢያቸው ይናገራል። ስለ ወጥ ምንም አላለም። ባይልም አይፈረድበትም፤ በ19 ሰከንድ የአንድ ራስ ሽንኩርት ልጣጭ እንኳ አያልቅም።

ከተማዋ ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 3,000 ሜትር በሚጠጋ ደጋ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ90 ዲግሪ ገደማ ነው እንጂ እንደ ምጽዋ በ100 አይደለም። ድስቱ ይንተከተካል፤ ውስጡ ያለው ባቄላ ግን ገና አልሰማም። ዶሮውም እንደዚሁ። ቆላ ለሚኖር ባልና ሚስት የግማሽ ቀን ሥራ የሆነው ቀረጻ እዚህ እስከ ምሽት ይዘልቃል፤ ትርፉን ጊዜ የሚሸከመው ደግሞ የባል ክንድ ነው። ይህ የፊዚክስ ሕግ በትዳር ላይ ያለው ተጽዕኖ እስካሁን ተገቢው ትኩረት አልተሰጠውም።

በተለይ ቁሌት። ሽንኩርቱ ያለ ዘይት ቀስ ብሎ ሲበስል ለካሜራ የሚታይ ለውጥ የለውም፤ የወጡ ዕጣ የሚወሰነው ግን እዚያው ነው። በዚህ ምዕራፍ የተመዘገበው ንግግር ከቤት ቤት እምብዛም አይለያይም፦

«አንች፣ እስካሁን ያው ነው እኮ።»

«ዝም ብለህ ያዝ።»

«ባትሪው ሊያልቅ ነው።»

«እኔስ?»

የመጨረሻው ቃል ሲስተካከል ተቆርጦ ይወጣል። ስልኩ መልሶ ሲበራ ባል «ባለቤቴ» ማለት ይጀምራል፣ ሚስት ደግሞ «የልጆቼ አባት»። ሁለቱም እነዚህን ስሞች ከካሜራ ውጭ ሲጠሩ አልተሰሙም።

የልኬት ጉዳይም አለ። ባል ውጭ አገር ላለው ተመልካች ሲል «ስንት ማንኪያ በይ» ይላል። ሚስት በእፍኟ ታደርጋለች፣ በዓይኗ ትመዝናለች፣ በአፍንጫዋ ታረጋግጣለች። በመጨረሻ «እንደ ቤታችሁ» ትላለች፤ ከዚህ የበለጠ ትክክለኛ መልስ አጥኚው አላገኘም።

የጥናቱ ዋና ግኝት ግን ጭስ ነው። የባሕር ዛፍ እንጨት ማጀቱን ሲሞላው የስልኩ ምስል ይደበዝዛል። የሚስት ዓይን ከሙሽርነቷ ጀምሮ ሲደበዝዝ ኖሯል፤ መስኮት እንዲከፈትላት የጠየቀችበት ጊዜም ረጅም ነው። መልሱ ሁልጊዜ «ከመኸር በኋላ» ነበር፤ የየትኛው ዓመት መኸር እንደሆነ አልተገለጸም። ምስሉ በደበዘዘ በሳምንቱ ግን ባል ዶማ አንስቶ ግድግዳውን በሳው። ጭሱ ወጣ፣ ብርሃን ገባ፤ ጥቀርሻው ታየና ግድግዳው በኖራ ተለቀለቀ። ምድጃውም ከፍ ተደረገ፤ ጎንበስ ብሎ መቅረጽ ወገብ ያማል ተብሎ። የማን ወገብ እንደሆነ ማብራሪያ አያስፈልግም።

ባል ካሜራ ይዞ ማጀት መግባቱ ከታሪክ አንጻር አዲስ ነው። ከስሜን ገዢዎች ቤት የሚወለዱት እቴጌ ጣይቱ በ1880 ዓ.ም. ለእንጦጦ ማርያም ምረቃ ያን የሚያህል ግብር ሲያሰናዱ፣ ለአዳዲስ መሣሪያ ሁሉ ልባቸው የሚከፈተው ምኒልክ ካሜራ ይዘው ድንኳኑ ውስጥ ሲመላለሱ የሚያሳይ ሥዕል አጥኚው አላየም። በባሕር ማዶ ደግሞ ጁሊያ ቻይልድ በ1963 እ.ኤ.አ. ቦስተን ላይ የቴሌቪዥን የምግብ ዝግጅቷን ስትጀምር፣ ባሏ ፖል ከካሜራ ጀርባ ዕቃ ያመላልስ፣ ሳህን ያጥብ ነበር። ይህ ለባል ሲነገረው ጥቂት አሰበና «ታዲያ ካሜራውን ማን ያዘው?» ሲል ጠየቀ።

ዘርፉ በቤተ ክርስቲያን የቀን አቆጣጠርም ይገዛል። ምእመናን በዓመት 180 ቀን ያህል ይጾማሉ፤ ሁዳዴ ብቻውን 55 ቀን ነው። ዶሮ ረቡዕ ቢሠራ ቀማሽ አይኖርም፣ ቀማሽ ከሌለ ደግሞ ቪዲዮው ማለቂያ የለውም። ምክንያቱም ባል በሙያው የሚታይበት ብቸኛው ትዕይንት መቅመስ ነው። ያኔ ስልኩን ሚስት ትይዛለች። እሷ ስትቀርጽ ከባል ኋላ ያልታጠበው የዕቃ ክምር በግልጽ ይታያል፤ እሱ በቀረጸው ውስጥ ግን ይህ ክምር ታይቶ አያውቅም። አጥኚው ይህን የማዕዘን ልዩነት ብሎ መዝግቦታል።

ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ፣ ማንም ተመራማሪ ሊመኘው የማይገባ ሙከራ በራሱ ተካሄደ። የሚጫን ቪዲዮ በሌለበት ባል ማጀት ይገባል? ገብቷል። ደጋው ብርድ ነው፤ ምድጃው ዳር ተቀምጦ ሲሞቅ ተገኝቷል። ሽንኩርት ግን አልላጠም።

አሁን የታቀደው ስልጆ ነው። ባቄላው ተቆልቶ፣ ተከክቶ፣ ተፈጭቶ፣ ከሱፍ ውኃ ጋር በስሎ፣ ሰናፍጭና ነጭ ሽንኩርት ገብቶበት ለቀናት መቀመጥ አለበት። ባል «ቆርጠን እንቀጥለዋለን፣ በአምስት ደቂቃ ያልቃል» ብሏል። ሚስት «እሽ፣ መጀመሪያ ባቄላውን ወፍጮ ቤት አድርሰህ ና» ብላለች። ይህ ጥናት ለኅትመት እስከተላከበት ጊዜ ድረስ ባቄላው በማዳበሪያው ውስጥ፣ ባል ደግሞ ስልኩን ቻርጅ በማድረግ ላይ ነበሩ።