ቆርቆሮው ውስጥ ያለው

በደብረ ብርሃን ብርድ፣ በጠዋት፣ እጅጌ የሌለው ካናቴራ የለበሰ ጎረምሳ ካያችሁ ወይ ጂም ጀምሯል ወይ ጋቢውን አስይዟል። የኛው ሁለቱንም ይመስላል። ትልቅ ቆርቆሮ ታቅፎ ቆሎ ሻጯ እትዬ አጠገብ ቆመ።

«የሕፃን ወተት ነው ልጄ?»

«ፕሮቲን ነው እትዬ። ሰውነት ይገነባል።»

«ታዲያ ምርጊቱ የታለ? የሚታየኝ ማገሩ ብቻ ነው።»

ልጁም አፍ አለው። «እርስዎ ቆሎ እየሰፈሩ ስለ ፕሮቲን ምን ያውቃሉ?»

«እኔማ የማውቀው በግ ነው» ብለው ባናቸውን ሰብሰብ አደረጉ።

ሳያውቁት መለሱለት። የመንዝ በግ ጸጉር ኬራቲን ነው፤ ኬራቲን ደግሞ ፕሮቲን። የልጁ ጥፍርም፣ በጄል ያቆመው ጸጉሩም ያው ነው። እሳቸው ፕሮቲን ለብሰው ይሞቃቸዋል፤ እሱ ታቅፎ ይንቀጠቀጣል።

«ለመሆኑ ምን ዓይነት ነገር ነው?» አሉኝ ወደ እኔ ዞረው። ፈትል ነው አልኳቸው። 20 ዓይነት አሚኖ አሲዶች በተርታ ይቀጣጠላሉ፤ ክሩ ተጠቅልሎ ልቃቂት ይሆናል፤ ሥራውም እንደ አጠቃለሉ ነው። እንቁላል ሲቀቀል ልቃቂቱ ይተረተርና እርስ በርሱ ይተበተባል፤ ለዚህ ነው የሚጠጥረው፣ ቢበርድም ተመልሶ የማይፈሰው። እዚህ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ኦክስጅን የሚሸከምልን ሄሞግሎቢንም አራት ልቃቂት ተጣብቆ ነው።

ጥግ የተቀመጡ ሽማግሌ ጣልቃ ገቡ። «አረቄስ ፕሮቲን አለው?»

«የለውም ጋሼ። ጉበት ውስጥ ሆኖ የሚያፈርሰው ኤንዛይም ግን ፕሮቲን ነው።»

«በል እንግዲህ፤ የኔ ጉበት ጂም ከገባ ሠላሳ ዓመቱ!»

ቆርቆሮውን ተቀብዬ ጽሑፉን አነበብኩ። ተጣርቶ የደረቀ አጓት ይላል።

«አጓት?» አሉ እትዬ። «አይብ ስናወጣ ለጥጃ የምንሰጠው?»

ልጁ ቆርቆሮውን ነጥቆኝ ወደ ጀርባው አዞረ። አይፈረድበትም፤ አጓት በፕሮቲን ጥራት ከምርጦቹ አንዱ ነው። ችግሩ ሰውነት ፕሮቲንን እንደ ስብ በጎተራ አለማኖሩ ነው። ከሚያስፈልገው ያለፈው ለጉልበት ይቃጠላል ወይ ስብ ይሆናል፤ ናይትሮጂኑ ዩሪያ ሆኖ በሽንት ይወጣል።

«በውድ ገዝቶ አጥር ሥር ሊያፈሰው!»

የእሳቸው ቆሎ ገብስና ሽንብራ ነው። ገብስ ላይሲን የሚባለው አሚኖ አሲድ ያንሰዋል፤ ሽንብራ ይሞላለታል። ገብሱንም አትናቁት፦ በ1970 እ.ኤ.አ. የስዊድን ተመራማሪዎች በላይሲኑ ተገርመው ለዓለም ያስተዋወቁት «ሃይፕሮሊ» የኢትዮጵያ ገብስ ነው።

ልጁ ሁለት ስኒ ቆሎ ገዛ። ቆርቆሮውን አልጣለም፤ ሲያልቅ ግን ለእትዬ መስፈሪያ እንዲሆን ከወዲሁ ተይዞበታል።