ስልኩ ሎጎ ላይ ቆሟል

መካነ ኢየሱስ ከተማ ውስጥ ስለ እግር ኳስ መከራከር የፈለገ ሰው ሩቅ አይሄድም። ስለ ዊንዶውስና ስለ ኡቡንቱ መከራከር ያማረው ግን ወደ ወዳጄ ሞባይል ጥገና ቤት ብቅ ማለት አለበት። የጠቡ መነሻ አንድ ነው፤ ስልክ ላይ ሶፍትዌር ለመጫን የትኛው ኮምፒውተር ይሻላል? እኔ የምሄደው ለቡናው ነው፤ ክርክሩ ምርቃት ነው።

ወዳጄ የዊንዶውስ 7 ምዕመን ነው። ማይክሮሶፍት ከጥር 2012 ዓ.ም. ጀምሮ እርዳታውን እንዳቋረጠበት ብነግረው፣ “እኔስ መቼ ለምኜው አውቃለሁ?” አለኝ። ምክንያቱ ደግሞ የዋዛ አይደለም። የሳምሰንግ መጫኛው ኦዲን የተሠራው ለዊንዶውስ ነው፤ ፓተርን የሚከፍቱት “ቦክስ” የሚባሉት መሣሪያዎችም አብዛኞቹ እንዲሁ። ከሐምሌ 2015 ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ዳታ ተቋርጦ በከረመበት ጊዜም፣ የእሱ ዕቃ ሁሉ በፍላሽ ተጭኖ ከባሕር ዳር የመጣ ስለነበር ሥራው አልቆመም። ኡቡንቱ ግን የጎደለውን ከኢንተርኔት ካልሳበ እጁ አጭር ነው።

የወንድሙ ልጅ ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ሳይንስ ተምሮ የመጣ፣ ከሊኑክስ ዓይነቶች አንዱ የሆነው የኡቡንቱ ሰባኪ ነው።

“ጋሼ፣ አንድሮይድ እኮ ራሱ ሊኑክስ ከርነል ላይ ነው የቆመው። ጎግል እንኳ አንድሮይድን ከምንጩ ለሚገነቡ ሰዎች በሊኑክስ ሥሩ ብሏል፤ ማክን በ2013 ተወው።”

“አንተ ልጅ፣ አንድሮይድ ልንገነባ ነው እንዴ? የሰው ፓተርን ልንከፍት እኮ ነው!”

አንድ ቀን አንድ አባት ሎጎ ላይ የቆመ ቴክኖ ይዘው ገቡ። ቺፑ ሚዲያቴክ፣ መጫኛው ኤስፒ ፍላሽ ቱል፤ ይሄ ደግሞ ለዊንዶውስም ለሊኑክስም ስላለ ሜዳው እኩል ሆነ።

መጀመሪያ አጎትየው። ስልኩን አጥፍቶ፣ የድምፅ መቀነሻውን ተጭኖ ኬብሉን ሰካ። ኮምፒውተሩ “ዲንግ” አለ፤ ወዲያው ደግሞ “ዶንግ”። ድራይቨሩ አልያዘም። እንደገና ሰካ፤ ዲንግ፣ ዶንግ።

“ልጄ፣ ማን ነው እሱ ገባ ወጣ የሚለው?” አሉ አባት።

ባለ 64 ቢቱ ዊንዶውስ ፊርማ የሌለው ድራይቨር አልቀበልም ይላል። ለማስቀበል አጥፍቶ ማስነሳት፣ ኤፍ 8 መደብደብ፣ የፊርማ ቁጥጥሩን ማንሳት ነው። ወዳጄ የቀደመ መስሎት ኤፍ 8ን ደበደበው፤ ዊንዶውሱ ግን ቀድሞት ተነሥቷል።

ተራው የልጁ ሆነ። ኡቡንቱ ድራይቨር ሳይጠይቅ ስልኩን አወቀው። ልጁ ፈገግ ከማለቱ ስልኩ ተቋረጠ። ለካ ሞደም ማናጀር የሚባል ፕሮግራም አለው፤ የተሰካውን ሁሉ “ሞደም ነህ ወይ?” እያለ እንደ ኬላ ፈታሽ ካልበረበረ አያሳልፍም። ስልኩ ደግሞ ለመጫን ዝግጁ ሆኖ የሚቆየው ለጥቂት ሰኮንድ ነው። ልጁ ጥቁሩን መስኮት ከፍቶ አንድ መስመር ትእዛዝ ጻፈና ፈታሹን ከሥራ አሰናበተው። ቀዩ መስመር ሞላ፣ ቢጫው ተከተለ።

“የበጎቼ ፎቶዎችስ አሉ?” አሉ አባት።

ሁለቱም ዝም። የትኛው ኮምፒውተር ይሻላል ሲባባሉ፣ ይህን የጠየቀ አልነበረም። እኔ ግን እላለሁ፤ የዚህ ሥራ አደጋ ያለው ዊንዶውስ ወይም ኡቡንቱ ላይ ሳይሆን፣ እዚያችው መጫኛ ላይ ባለች ትንሽ ምርጫ ውስጥ ነው። “ዳውንሎድ ኦንሊ” ከተባለ ተስፋ አለ። “ፎርማት ኦል” ከተባለ ግን ፎቶው ብቻ ሳይሆን የስልኩ መለያ ቁጥር፣ ኢሜኢው ራሱ ሊጠፋ ይችላል፤ ከዚያ ወዲያ ስልኩ ኔትወርክ አልይዝ ቢል ወቀሳው ለማን ነው? ልጁ ቀስ ብሎ አየ። “ዳውንሎድ ኦንሊ” ነበር። አረንጓዴዋ ምልክት መጣች፤ ስልኩም ከነበጎቹ ፎቶ ተነሣ። አባት የትኛው እንዳሸነፈ አልጠየቁም። ሂሳቡ ላይ ግን ደህና አድርገው ተከራከሩ።

በስተመጨረሻ አጎትና ልጅ ተስማምተው ሁለቱንም አንድ ኮምፒውተር ላይ ጫኑ። ሲከፈት ምርጫ ያቀርብና አሥር ሰኮንድ ይጠብቃል፤ እስከዚያ ካልመረጡለት ኡቡንቱን ያስነሣል። ወዳጄ ደግሞ ማብሪያውን ተጭኖ ወደ ጀበናው የሚዞር ሰው ነው። ሰሞኑን ብሄድ በኡቡንቱ ስልክ እየጫነ አገኘሁት።

“አመንክ በለኛ!”

“ምን አመንኩ? ቡናው ዘግይቶ ነው እንጂ።”