«ቤዙን ቀንስ!» ላላችሁኝ ሁሉ

«አንተ ልጅ፣ ያንን ቤዝ ቀንስልኝ! ብርጭቆው እየተንቀጠቀጠ ነው!» ይላሉ የቤቱ ባለቤት።

ጋሼ፣ ብርጭቆዎን ያንቀጠቀጠው ጥግዎ ነው እንጂ እጄ አይደለም። «መድረኩ ጠባብ ነው፣ ያንን ሣጥን እዚያ ጥግ ወሽቀው» ያሉኝ እርስዎ ነዎት። ወፍራም ድምፅ ግድግዳ ሲያገኝ ይጎለብታል፤ ሁለት ግድግዳና ወለል በአንድ ቦታ ሲገጥሙለትማ ማን ይችለዋል? አምፑን ከጥጉ ሳብ ላድርገውና ይዩት፤ ቁልፍ ሳልነካ ብርጭቆዎ አርፎ ይቀመጣል።

ደግሞ ይስሙኝ። የአራት ክር ቤዝ ጊታር ወፍራሙ ክር ባዶውን ሲመታ በሰከንድ 41 ጊዜ ያህል ይርገበገባል። የዚያ ድምፅ ሞገድ አየር ላይ ሲዘረጋ ርዝመቱ ከ8 ሜትር ይበልጣል። የእርስዎ ቤት ከግድግዳ ግድግዳ 4 ሜትር ከምናምን ነው፤ የሞገዱ ግማሽ መሆኑ ነው። እንዲህ ባለ ክፍል ውስጥ ያቺ አንዲት ኖታ ከእህቶቿ ተለይታ ታገሳለች። ጥፋተኛዋ አንዲት ሆና ሳለ ሁሉንም ዝም ማሰኘት ምን የሚሉት ፍርድ ነው? አምፑ ላይ ኢኳላይዘር አለ፤ ያቺን ለይቼ እቀንሳታለሁ። ዘፈኑ ግን መሠረቱ ላይ ይቁም።

«ምን መሠረት አለው? ኪቦርዱ በግራ እጁ ይጫወተው የለ!»

ግራ እጁ ሁለተኛ ሰው ከሆነ ሁለተኛውን ደመወዝ ይክፈሉታ!

ይህ «ኪቦርድ ይበቃል» የሚሉት ነገር ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። በደርግ ዘመን ሰዓት እላፊው የሌሊቱን ከተማ ዘጋው። ሙሉ ባንድ የሚያጫውቱ ቤቶች ተመናመኑ። ኋላም ከበሮ መቺውም፣ ነፊውም፣ ቤዚስቱም ተጠቅልለው አንድ ኪቦርድ ውስጥ ገቡ። ችግር ያስለመደንን ነገር ችግሩ ካለፈ በኋላም ይዘነው ቀረን። ማሕሙድ አሕመድ ከአይቤክስ ባንድ ጋር የሠራውን «ኧረ መላ መላ» አንድ ጊዜ ለቤዙ ብቻ ብለው ያዳምጡልኝ። ጆቫኒ ሪኮ ጣቱን ከክሩ ላይ ቢያነሳ ዘፈኑ ምን ላይ ይቆማል? ጭክጭካ የምንለው ምት ከበሮውና ቤዙ ተያይዘው የሚሄዱበት ነው። ቤዙ ለቅጽበት ቢዘገይ እስክስታ የሚወርደው ትከሻ ከጆሮ ቀድሞ ያውቀዋል።

«እሺ፣ በእኔ አምፕ ግባ፤ ሁለት ቀዳዳ አለው» ይለኛል ጊታሪስቱ።

ወንድሜ፣ አፍንጫም ሁለት ቀዳዳ አለው፤ ግን ለሁለት ሰው አይተነፈስበትም። የሊድ ጊታር ስፒከር ቀለል ብሎ፣ ለቀጭኑና ለመካከለኛው ድምፅ የተሠራ ነው፤ ወደፊትና ወደኋላ ብዙ መራመድ አይችልም። የቤዝ ስፒከር ግን አየር ገፍቶ ነው የሚኖረው። ቤዜን ባንተ አምፕ ከከበሮ ጋር እኩል ላድርገው ብል ስፒከርህ እንደ ፌስታል ይንኮሻኮሻል፣ ኋላም ይቀደዳል። ከዚያ ማነው የሚከፍለው?

«ምን አምፕ ያስፈልግሃል? በቀጥታ ሚክሰር ውስጥ ግባ፣ ሞንታርቦ ስፒከሩ ያወጣዋል» ይላል ሳውንድ ማኑ።

ሞንታርቦው ፊቱ ወደ እንግዳው ነው፤ እኔ የማየው ጀርባውን ነው። ጀርባ አያወራም። መድረኩ ላይ ጥሩ ሞኒተር ካለህ እሺ፣ እውነትህን ነው፣ ባዶ እጄን እመጣለሁ። ግን ይህ ቤት አንዲት ሞኒተር ነው ያለው፤ እሷም የዘፋኟ ናት። የአሜሪካው የሞታውን ሙዚቃ ኩባንያ ስቱዲዮ ቤዚስት ጄምስ ጄመርሰን በዲትሮይት ሲቀረጽ ጊታሩን በቀጥታ ወደ ሚክሰሩ ነበር የሚያስገባው። ክለብ ሲሄድ ግን አምፔግ ቢ-15 የሚባል አምፕ ይዞ ነበር። ስቱዲዮና መድረክ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን እሱ ካወቀ እኛ ምን ሆነን ነው የምንከራከረው?

ያ ቢ-15 እ.ኤ.አ. በ1960 የወጣ ነው። አንዲት ባለ 15 ኢንች ስፒከር አለችው፤ ኃይሉ ሲጀምር 25 ዋት፣ ኋላ 30። አምፔግ የሚለው የኩባንያው ስም ራሱ የመጣው ከቤዚስት እሮሮ ነው። በ1940ዎቹ ኤቨረት ሃል የሚባል ሙዚቀኛ የትልቁ የቁም ቤዝ ድምፅ በባንዱ ሲዋጥ ቢቸግረው፣ መሣሪያው በሚቆምበት እግር ላይ ማይክ ገጠመለት። ስሙን የሰጠው ያ ድምፅ ማጉያ እግር፣ በእንግሊዝኛው «አምፕሊፋይድ ፔግ»፣ ነው። በ1969 ደግሞ ይኸው ኩባንያ ለትልልቅ መድረክ ብሎ 300 ዋት የሆነውን ኤስቪቲ አወጣ፤ ስምንት ባለ 10 ኢንች ስፒከር ካለው ቁም ሣጥን የሚያህል ሣጥን ጋር። አንድ ሰው አያነሳውም። ለስታዲየም ይሁን፤ ለአራት ሜትር ቤት ግን የሚያስፈልገን የዚያ ታናሽ ወንድም ነው።

አሁን ወደ ሻጩ ልምጣ፤ ሆዴን የሚበላኝ እዚህ ጋ ነው።

«1000 ዋት ነው ወንድሜ! ቤቱን ያነቃንቀዋል!»

ቤቱ ሲነቃነቅ ጋሼ እንዳልወደዱት ሰምተሃል። ይልቅ ስንት ዴሲቤል እንደሚያወጣ ንገረኝ። 100 ዋቱን 200 ስታደርገው ጆሮ የሚያገኘው 3 ዴሲቤል ነው፤ ሰው «ትንሽ ጨመር አለ» ብሎ የሚያልፈው ያህል። ድምፁ እጥፍ ሆነ እንዲባል ዋቱ አሥር እጥፍ ያህል መሆን አለበት። ስለዚህ ከ300 ወደ 500 ዋት ልሸጋገር ብሎ የሁለት ወር ደመወዙን የሚከፍል ልጅ የሚገዛው ቁጥሩን ነው። ስፒከሩን ግን ማንም አይጠይቅም! በ1 ዋት፣ በ1 ሜትር ርቀት 94 ዴሲቤል የሚያወጣ ስፒከር አለ፤ 100 የሚያወጣም አለ። በሁለተኛው ላይ 100 ዋት የገጠመ ሰው፣ በመጀመሪያው ላይ 400 ዋት ከገጠመው ጋር እኩል ይሰማል። ይህ ቁጥር መግለጫው ላይ በትንሹ ተጽፎ ይገኛል። አንብቡት።

«ታዲያ ጊታሪስቱ በ30 ዋት ሲጮህ አንተ ለምን 300 ትፈልጋለህ?» ትለኝ ይሆናል። ጆሯችን ስለሚያዳላ ነዋ! ፍሌቸርና መንሰን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1933 እንዳሳዩት የሰው ጆሮ ወፍራሙን ድምፅ ከመካከለኛው እኩል እንዲሰማ ብዙ እጥፍ ኃይል ይፈልጋል፤ አጠቃላይ ድምፁ ሲቀነስ ደግሞ ቀድሞ የሚጠፋበት ወፍራሙ ነው። ለዚህ ነው «ሁሉም ይቀንስ» ሲባል ሌላው ቀንሶ ቤዙ ግን ጭራሹን የሚሰወረው። እንደ እኔ ፍርድ ክራር፣ ከበሮና አንድ ድምፃዊ ላለበት ቤት ባለ 10 ኢንች ስፒከር ያለው 100 ዋት ይበቃል። በዱላ የሚመታ ድራመር ካለ 300 ዋት ገደማ፣ ከአንድ ባለ 12 ወይም ከሁለት ባለ 10 ጋር። ከዚያ በላይ ለትንሽ ቤት የሚገዛ ሰው ትከሻውን ይጠይቅ።

ትከሻም ቢሆን ዘንድሮ ተገላግሏል። ክላስ ዲ የሚባሉት አምፖች 2 ኪሎ አካባቢ ናቸው፤ ያንን ከባድ የብረት ትራንስፎርመር አስወጥተው በቀላል ማብሪያ-ማጥፊያ ሰርኪዩት ተክተውታል። በጊታር ቦርሳ ኪስ ገብተው ራይድ ይሳፈራሉ።

«በቃ፣ አሜሪካ ያለው ዘመድህ ያምጣልሃ!»

አምጥቶልኝ ነበር። ከቨርጂኒያ፣ በሻንጣው ውስጥ በጃኬት ጠቅልሎ፣ ከራሱ ኪሎ ቀንሶ። የዚያኑ ማታ ሶኬት ላይ ሰካሁት። አንዴ ጧ አለ፣ ጭስ ሸተተ፣ አበቃ። አምፑ 120 ቮልት ሀገር የተወለደ ነው፤ እኛ ጋ 220 ነው። ሁለት ሰዓት ሙሉ ቤዝ የሌለበት ሥራ ተሠራ፤ ዘፋኟ በየዘፈኑ መሐል ዞር እያለች ታየኝ ነበር፣ ምን ሆንክ እንደማለት። ያንን ዓይን እስካሁን አልረሳሁትም። ስለዚህ ከዲሲም ሆነ ከአትላንታ ዕቃ የምትልኩ ወገኖቼ፣ ከመግዛታችሁ በፊት ጀርባው ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብቡ። ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ከሆነ ላኩልን፣ እግዜር ይስጣችሁ። 120 ብቻ የሚል ከሆነ ዋቱን የሚችል ማውረጃ ትራንስፎርመር አብሮት ይምጣ፣ አለዚያ ይቅር። እናንተም እዚህ ያላችሁ፣ መብራት ሲጠፋ አምፑን ንቀሉ፤ ተመልሶ የሚመጣው መብራት መጠኑን አያውቅም።

«ቤዝ እኮ የፈረንጅ ነው፤ እኛ ምን አገናኘን?»

በገናን ማን አመጣው ታዲያ? አሥር ክር ያለው፣ ደረት ውስጥ ገብቶ የሚያጉረመርም፣ በዐቢይ ጾም ቤቱን ሁሉ ዝም የሚያሰኝ መሣሪያ ያለው ሕዝብ «ወፍራም ድምፅ አያገባኝም» ሊል ነው? የበገናን ክርና ድልድዩን የምትለየዋን ቁራጭ ቆዳ፣ እንዝራን፣ አስቡ። ክሩን የምታነዝረው እሷ ናት። ከወፍራሙ ድምፅ በላይ ያሉትን ድምፆች ትቀሰቅሳለች፤ ጆሮም እነሱን ተከትሎ ወደ ታችኛው ይወርዳል።

ትንሽ አምፕ የያዘ ቤዚስት ከዚህ ይማር። ባለ 10 ኢንች ስፒከር ያንን በሰከንድ 41 ጊዜ የሚርገበገበውን ድምፅ በሚገባ አያወጣውም፤ ሁለት እጥፉንና ሦስት እጥፉን፣ 82ቱንና 123ቱን፣ ግን ጥርት አድርጎ ያወጣል። ጆሮ እነዚህን ሁለቱን ሲያገኝ የጎደለውን 41 ራሱ ይሞላዋል። እኛ ግን ምን እናደርጋለን? ቤዝ የሚለውን ቁልፍ እስከ መጨረሻው እናጠማዝዛለን። ዋቱ ሁሉ ስፒከሩ ማውጣት በማይችለው ድምፅ ላይ ያልቃል፣ ስፒከሩ ያቃስታል፣ ሰውም «ጉም ጉም ይላል እንጂ አይሰማም» ይላል። እውነቱን ነው! ቤዙን ትንሽ ቀንሱ፣ መካከለኛውን ከፍ አድርጉ። ቤታችሁ ብቻችሁን ስትሞክሩት ይቀጥናል፤ ከባንዱ ጋር ግን ቁልጭ ብሎ ይሰማል።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፣ ብር የማይጠይቅ። አምፑን መሬት ላይ አስቀምጣችሁ አጠገቡ ስትቆሙ የሚሰማችሁ ቁርጭምጭሚታችሁ ነው። የጣት ምቱን የሚያሰማው ቀጭኑ ድምፅ ቀጥታ ስለሚሄድ ፊት ለፊት የተቀመጠውን እንግዳ ይመታል፤ እናንተ አይሰማችሁምና ትጨምራላችሁ፤ እንግዳው ይማረራል፤ ጋሼም ይጮኻሉ። ባዶ የቢራ ሣጥን ከባሩ ለምኑና አምፑን ከፍ አድርጉት፣ ወይም ወደ ጆሯችሁ ቀና አድርጉት። ግማሹ ጠብ በዚያው ያልቃል።

«ኧረ እናንተ ሰዎች ማይኩ ከንፈሬን ነዘረኝ!» ትላለች ዘፋኟ።

የኔ እህት፣ በዚህስ ምንም መልስ የለኝም፤ እጄን አነሳለሁ። ይህ የቤቱ መሬት ሽቦ አለመኖር ነው። እኔም ክሩን ይዤ ለማጀብ ወደ ማይክ ስጠጋ ያንኑ ቀምሻለሁ። የመሰኪያውን ሦስተኛ እግር በፕላስተር ሸፍነው ወይም በፒንሳ ቆርጠው የሚሰኩትን ሰዎች አይቻለሁ፤ በዚህ የሚቀልድ ሰው አብሮኝ መድረክ ላይ አይውጣ። ሰው ይገድላል።

ስለዚህ ጋሼ፣ የመጀመሪያውም የመጨረሻውም ልመናዬ ይህ ነው። ከእርስዎ ትልቅ አምፕ አልፈልግም፤ የራሴን በትከሻዬ ይዤ እመጣለሁ። ከጥጉ ወጣ ያለች አንድ ሜትር ቦታ ይስጡኝ፤ ኤሌክትሪሺያን ጠርተው መሬት ሽቦ ያለው አንድ ሶኬት መድረኩ ላይ ያስገጥሙልን። ከአርብ በፊት ይሁን።