ሳጥኑ ውስጥ ማን ይሰንብት?

ገዴራ ውስጥ የጌም ኮምፒውተር የሚገዛው ልጅ ብቻውን አይደለም። ገንዘቡ የቤቱ ነውና ቤቱ በሙሉ አስተያየት አለው። አባት የሚጠይቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ስንት ዓመት ያገለግላል?» ልጅ በሴኮንድ ስንት ምስል እንደሚያወጣ ይመልሳል። አያት በበኩላቸው ማሽኑ ለምን በሰባት ቀለም እንደሚበራ የሚነግራቸው ሰው ይፈልጋሉ። ሻጭ የሚወደው የልጁን መልስ ነው፤ እኔ ግን ከአባት ጎን ቆሜያለሁ። ችግሩ አባትም ልጅም «የሚቆይ» ሲባል «ከሁሉም የተወደደ» ማለት ይመስላቸዋል። በእኔ አስተያየት የሚቆይ ኮምፒውተር ማለት በተገዛበት ቀን ከጎረቤት ሁሉ የፈጠነው አይደለም፤ በአምስተኛው ዓመት አንድ ዕቃ ብቻ ነቅለው፣ ሌላ ተክተው፣ የቀረውን ሳይነኩ የሚያድሱት ነው። ይህ ከሆነ ደግሞ ገንዘቡ በመጀመሪያ መሄድ ያለበት ማንም ፎቶ ወደማያነሳቸው ዕቃዎች ነው፤ ወደ ማዘርቦርዱ፣ ወደ ፓወር ሳፕላዩ፣ ወደ ሳጥኑ።

እ.ኤ.አ. በ2017 ሁለት ገዢዎች አንድ ሱቅ ገቡ እንበል። አንዱ የኢንቴልን ኮር አይ7-7700ኬ ወሰደ። ያኔ ለጌም ከሱ የሚፈጥን እምብዛም አልነበረም፤ በአሜሪካ ዋጋ 340 ዶላር ገደማ። ሌላው የኤኤምዲን ራይዘን 5 1600 በ219 ዶላር ገዛና በጌም ከጓደኛው ኋላ ቀረ። ሳቁ የመጀመሪያው ነበር፤ ዓመቱ ግን ሳያልቅ ኢንቴል ስምንተኛውን ትውልድ አመጣ፤ የሶኬቱ ቅርጽ ያው ሆኖ ሳለ አዲሱ ፕሮሰሰር በአሮጌው ማዘርቦርድ ላይ አልሠራም አለ። በ2021 ዊንዶውስ 11 ሲወጣ 7700ኬ ከሚደገፉት ዝርዝር ውጭ ቀረ፤ ዊንዶውስ 10 ደግሞ በኦክቶበር 2025 መደበኛ ድጋፉ አበቃ። እውነቱን ለመናገር ራይዘን 1600ም ከዚያው ዝርዝር ተባርሯል። ልዩነቱ መውጫ በር መኖሩ ነው፤ በ2022 ኤኤምዲ ኤኤም4 የተባለው የዚሁ ራይዘን ሶኬት የመጀመሪያዎቹ ማዘርቦርዶች ሳይቀሩ ራይዘን 5000ን እንዲቀበሉ ፈቀደ። ሁለተኛው ገዢ ባዮሱን አድሶ፣ ራይዘን 5 5600ን በ199 ዶላር ገዝቶ፣ አራት ብሎን ፈትቶ ተካው። ለፕሮሰሰር ብቻ ካሰብነው ከጓደኛው 80 ዶላር ያህል አብልጦ አውጥቷል፤ ጓደኛው ግን አሁን ፕሮሰሰርም ማዘርቦርድም ሊገዛ፣ ራሙም እንዳይጣል ሊጸልይ ነው።

«ኩባንያ ነው፤ ነገ ቃሉን ቢያጥፍስ?» የሚል ተጠራጣሪ አይጠፋም። በ2022 የመጣው ተተኪው ሶኬት ኤኤም5 እስከ 2027 እና ከዚያም በላይ እንደሚደገፍ የተናገረው ራሱ ሻጩ ነውና ጥርጣሬው ተገቢ ነው። ሆኖም ቃሉ ቢታጠፍ ገዢው የሚወድቀው የሌላኛው ሶኬት ገዢ ዛሬ ቆሞ የሚገኝበት ቦታ ላይ ነው፤ በ2021 የመጣው የኢንቴል ሶኬት በ2024 በሌላ ተተክቷል። ከዚህ የሚጠነክረው የአገር ፍቅር ተቃውሞ ነው፦ «ኢንቴል እኮ የሰፈራችን ነው!» እውነት ነው፤ ድርጅቱ ከ1974 ጀምሮ እስራኤል ውስጥ አለ፤ ከገዴራ በመኪና ግማሽ ሰዓት የማይርቀው የኪሪያት ጋት ፋብሪካም ቺፕ ያመርታል። ቺፑ ግን ታሽጎና ተፈትሾ ለገበያ የሚዘጋጀው ውጭ አገር ነው፤ ለምሳሌ ማሌዥያ። ስለዚህ ኪሪያት ጋት ተወልዶ፣ ባሕር ተሻግሮ፣ ተመልሶ 18 በመቶ ማዓም ተጨምሮበት ገዴራ የሚገባ ፕሮሰሰር ሊኖር ይችላል። ዓሊያው ልብ ይነካል፤ ሶኬቱን ግን አያራዝምም።

ሌላው ወገን «አንዴ ጠንካራውን ገዝቶ መገላገል» ባዩ ነው፤ ማስረጃውም ቀላል አይደለም። በማርች 2017 በ699 ዶላር የወጣው የኤንቪዲያ ጂቲኤክስ 1080 ቲአይ ባለ 11 ጊጋባይት ካርድ ነበር፤ ብዙ ዓመትም በክብር አገልግሏል። ይህን የሚክድ ሰው የጌም ታሪክ አያውቅም። አሟሟቱ ግን ትምህርት አለው። በዲሴምበር 2024 የወጣው የኢንዲያና ጆንስ ጌም የብርሃን ጨረርን የሚያሰላ ልዩ ክፍል ካርዱ ውስጥ እንዲኖር ግድ አለ፤ በሜይ 2025 የወጣው ዱም፦ ዘ ዳርክ ኤጅስም እንደዚሁ። አዛውንቱ ካርድ አልደከመም፣ አልተንተባተበም፤ በሩ ላይ ነው የተመለሰው። በ2025 መገባደጃ ደግሞ ኤንቪዲያ ለዚያ ትውልድ ለአዳዲስ ጌሞች የሚያወጣውን ድራይቨር አቆመ። ጉልበት በገንዘብ ይገዛል፤ ገና ያልተፈለሰፈ ነገር ግን በ2017 በየትኛውም ዋጋ አይገዛም። ስለዚህ ዛሬ መካከለኛ ካርድ ገዝቶ የተረፈውን ለአራተኛው ዓመት ማቆየት ፍርሃት ሳይሆን ሒሳብ ነው። ለካርድ ጨምሮ መክፈል የሚያስመሰግነው አንድ ቦታ ላይ ብቻ ነው፤ የካርዱ ማህደረ ትውስታ ላይ። አርቲኤክስ 5060 ቲአይ በ2025 ሲወጣ ባለ 8 ጊጋባይቱ 379፣ ባለ 16ቱ 429 ዶላር ተባለ። ስማቸው አንድ፣ መልካቸው አንድ፣ ልዩነታቸው 50 ዶላርና በርካታ ዓመት። ሻጩ «ያው ናቸው» ካለ ካርቶኑን ገልብጦ ማንበብ ነው።

አሁን ወደ ማማዱ እንግባ። ከ1991 የባሕረ ሰላጤ ጦርነት በኋላ አዲስ ቤት ሲሠራ የኮንክሪት መጠለያ ክፍል እንዲኖረው ተደነገገ፤ ክፍሉ ባዶ እንዳይቀመጥ በብዙ ቤት ለልጅ ተሰጠ፤ ልጁም ኮምፒውተሩን እዚያ ተከለ። ግድግዳው ወፍራም ኮንክሪት፣ ውስጡ ብረት፣ በሩ ብረት፤ ሚሳይል ለመመከት የተሠራ ክፍል ዋይፋይንም በደንብ ይመክታል። ያን ጊዜ ልጁ ስምንት አንቴና ያለው ራውተር ካልተገዛልኝ ይላል። በተዘጋጀለት ቱቦ ውስጥ የሚያልፍ ተራ የኔትወርክ ገመድ ከዚያ ሁሉ አንቴና የተሻለ ይሠራል፤ አሥር ዓመትም ቢቆይ ማንም አያስታውሰውም። ከዋይፋይ የከፋው ሙቀቱ ነው። ኮምፒውተር የሚበላው ኤሌክትሪክ ሁሉ መጨረሻው ሙቀት ነው፤ የሚጠፋ ነገር የለም። 5060 ቲአይ 180 ዋት ይወስዳል፤ የመጨረሻው ትልቁ 5090 ደግሞ ለብቻው 575። በኦገስት ወበቅ፣ የብረት በር በተዘጋበት ክፍል፣ ይህን ማብራት በክረምት የተቀመጠችውን ማሞቂያ አውጥቶ ጠረጴዛ ሥር እንደማኖር ነው። ከዚያ ማዝጋን ይከፈታል። ካርዱ ያሞቃል፣ ማዝጋኑ ያቀዘቅዛል፣ የሐሽማል ሒሳብ ከሁለቱም ይመጣል።

ስለዚህ አየር የሚያስገባ፣ አቧራ የሚያጣራ ወንፊት ያለው ሳጥን የመጀመሪያው ዕድሜ ማራዘሚያ ነው፤ የሐምሲን አቧራ ሲነሳ የመስታወት ግድግዳና ባለ ሰባት ቀለም መብራት ምንም አያደርጉም። የሳጥኑ ጥሩነት አለማርጀቱ ነው፤ ዛሬም የምንጠቀምበት ኤቲኤክስ የተባለው ልክ በ1995 የወጣ ነው። ፓወር ሳፕላይም የዚያው ዘመን ልጅ ነው። የዕቃን ዕድሜ ለማወቅ ማስታወቂያውን ትቶ አሕራዩቱን ማንበብ ይሻላል፤ ፋብሪካው በራሱ ገንዘብ የሚወራረደው እዚያ ላይ ነውና። ለግራፊክስ ካርድ ብዙ ጊዜ ሦስት ዓመት የሚሰጡ አምራቾች ለጥሩ ፓወር ሳፕላይ አሥር፣ አንዳንዶቹም አሥራ ሁለት ዓመት ይሰጣሉ። ስም የለሹ ርካሽ ፓወር ሳፕላይ ግን ሲሞት ብቻውን አይሄድም፤ ማዘርቦርዱንም ካርዱንም አስከትሎ ሊሄድ ይችላል። በካርዱ ላይ ሁለት ሺህ ሸኬል ጨምሮ በፓወር ሳፕላይ ላይ ሁለት መቶ የቆጠበ ሰው የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን የጣለችውን ሴትዮ ያስንቃል።

የገዴራ ልጅ ሒሳብ ደግሞ ሌላ ቦታ የሌለ ነገር አለበት። በ16 ዓመቱ የገዛው ኮምፒውተር በ18 ዓመቱ ጌታውን ለሠራዊት ያስረክባል፤ ወደ ሦስት ዓመት ገደማ በእረፍት ቀን ብቻ ይገናኛሉ። ሰንበት የሚከበርበት ቤት ከሆነ ማሽኑ በዓመት 52 ቀን አስቀድሞም አርፏል፤ የእረፍቱ ቀን ሰንበት ላይ ሲውል ደግሞ ወታደሩም ማሽኑም ተፋጠው ያርፋሉ። እንግዲህ የመጨረሻውን ካርድ በ36 ተሽሉሚም የገዛ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ አስቡ። ኤንቪዲያ በ2018፣ በ2020፣ በ2022 እና በ2025 አዲስ ትውልድ አውጥቷል፤ በአማካይ በየሁለት ዓመቱ ማለት ነው። ክፍያው ሳያልቅ ካርዱ ያለፈው ትውልድ ይሆናል፤ ልጁም ከጦር ሰፈር ሆኖ ለማይጫወትበት ካርድ ይከፍላል፤ ወይም፣ እንደተለመደው፣ አባት ይከፍላሉ። መካከለኛውን ገዝቶ፣ ከሠራዊት ሲመለስ ከስንብት ገንዘቡ ጥቂቱን ለአዲስ ካርድ ቢያውል፣ አገልግሎቱ ባለቀበት ቀን ማሽኑም ይታደሳል። ጥሩው ፓወር ሳፕላይ ያን ጊዜም ገና የአሕራዩቱ እኩሌታ ላይ ነው።

«ታዲያ ፕሌይስቴሽን ገዝቶ መተኛት አይሻልም?» ለሚሉ፣ ልጁ ኳስ ብቻ የሚጫወት ከሆነ ይሻላል፤ በኖቬምበር 2020 የወጣው ፕሌይስቴሽን 5 አንድም ዕቃ ሳይቀየርለት ዛሬም አዲስ ጌም ይከፍታል። ሌላ ነገር የሚሞክር ልጅ ከሆነ ግን ክርክሩ እንደገና ይጀመራል።

የቀረው የጠባቂው ወገን ነው፤ «ትንሽ ብንታገስ ይረክሳል» የሚለው። ለረጅም ጊዜ ልክ ነበር፤ በሲግድ ሰሞን በሚውለው የኖቬምበር ቅናሽ ብዙ ቤት ተጠቅሟል። በ2025 መጨረሻ ግን የሰው ሠራሽ አስተውሎት ማዕከላት ማህደረ ትውስታውን ጠራርገው ሲገዙ የራም ዋጋ ሽቅብ ወጣ፤ ማይክሮንም በዲሴምበር ክሩሻል በሚለው ስም ለተራ ገዢ መሸጡን እንደሚያቆም አስታወቀ። ይረክሳል ብሎ የጠበቀው ቅናሹን ሲያገኝ ራሙን አጣ። የጎደለው ዕቃ ሲያስፈልግ ይገዛ፤ በገበያው ላይ ትንቢት መናገር ለሌላ ሙያ ይተው። ራም የግድ ከሆነም ባለ 16 ጊጋባይት ሁለት ቁራጭ ይበቃል። ማዘርቦርዱ አራት ቀዳዳ አለውና አራቱም ይሞሉ የሚል ልጅ ካለ፣ ዲዲአር5 አራት ሆኖ ሲሰካ ብዙ ጊዜ ፍጥነቱ እንደሚወርድ ይነገረው፤ በዚህ ጉዳይ አባትና ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ድምፅ ሊሰጡ ይችላሉ።