ሞቅ ብሎት ለሚነዳ ወንድም የተዘጋጀ ሙሉ መመሪያ

ወንድሜ፣ ቅዳሜ ማታ ዋይትሆል ውስጥ ክርስትና ተጠርተሃል። ጠጁ ቤት የተጣለ ነው፤ ቢራው በረዶ ውስጥ ተዘፍዝፏል፤ ጓዳ ደግሞ ከአገር ቤት በሻንጣ የመጣ አረቄ አለ። መኪናህ ደጅ ቆማለች። «ኡበር ጥራ» የሚልህን ሰው አትስማ። ኡበር የሚጠራ ሰከርኩ ብሎ ያመነ ነው፤ አንተ ደግሞ ሞቅ ይልሃል እንጂ ሰክረህ አታውቅም። ስለዚህ ንዳ። የቀረውን ይህ መመሪያ አንድ በአንድ ያሳይሃል።

በቅድሚያ አገሩን እወቅ። ኦሃዮ ውስጥ ዋይትሆልን ኮሎምበስ ከብባታለች፤ ሀሚልተን ሮድን ይዘህ ስትነዳ ከአንዷ ወጥተህ ወደ ሌላዋ መግባትህን ልብ አትለውም። ትንሽ ናት ብለህ ግን አትናቃት፤ የራሷ ከንቲባ፣ የራሷ ፖሊስ፣ የራሷ የከንቲባ ፍርድ ቤት አላት።

አንደኛ፣ የጠጣኸውን አትቁጠር። ብርሌ ላይ ቁጥር ስለማይጻፍ ብትፈልግም አይሆንልህም። ኦሃዮ ግን ይቆጥርልሃል፤ ደምህ ውስጥ 0.08 በመቶ አልኮል ከተገኘ በቂ ነው። እስከ 2003 ድረስ 0.10 ነበር። የጭነት መኪና ላይ ከሆንክ 0.04፣ ዕድሜህ ከ21 በታች ከሆነ 0.02 ይበቃል። ከቁጥሩ በታች ሆነህም አነዳድህና አነጋገርህ ከመሰከሩብህ ክሱ አይቀርም። «ጥሬ ሥጋ በልቼበታለሁ፣ አይዘኝም» የሚለውን የአባቶች ጥበብ ታጠቅ፤ ባይበቃ ቡና አስፈላ። ጉበት ግን በሰዓት የሚያወርደው ወደ 0.015 ገደማ ነው፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ቢፈራረቁበት አይቸኩልም። ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ 0.12 ከነበርክ ሙሉ በሙሉ የሚለቅህ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። እሑድ በማለዳ ወደ ቅዳሴ ስትነዳ ገና የቅዳሜው ሰው ነህ ማለት ነው።

ሁለተኛ፣ መንዳቱ ከከበደህ መኪናህ ውስጥ ተኛ። ክረምቱ አጥንት ይሰብራልና ሾፌር ወንበር ላይ እንደተቀመጥክ ሞተሩን አስነሳ፣ ማሞቂያውን ልቀቅ። ለዚህ ብልሃት ሕጉ የራሱን አንቀጽ አዘጋጅቶለታል፦ 4511.194። መኪናዋ ስንዝር ባትንቀሳቀስም፣ ጠጥተህ ሾፌር ወንበር ላይ ከተገኘህና ቁልፉ ከእጅህ ካልራቀ ወንጀል ነው፤ እስከ 180 ቀን ሊያሳስርህ፣ መንጃ ፈቃድህን እስከ አንድ ዓመት ሊያሳግድብህ ይችላል። ጠጥቶ ከመንዳቱ ዋና ክስ የሚሻለው የግዴታ እስራትና መንጃ ፈቃድ ላይ የሚመዘገብ ነጥብ ስለሌለው ነው። ዋናው አንቀጽ 4511.19 የጎዳና ባቡርን እንኳ ይጠቅሳል። ከኮሎምበስ ጎዳናዎች ባቡሩ ከጠፋ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ ምናልባት ተመልሶ ቢመጣና አንተ ብትነዳው ተብሎ ታስቦልሃል።

ሦስተኛ፣ ከኋላህ መብራት ሲበራ እንደ አዲስ አበባ ከመኪና ውረድና ወደ ፖሊሱ ገስግስ። ባርኔጣህን አውልቅ። እዚህ ፖሊሱ አክብሮትህን የሚቀበለው እጁን ሽጉጡ ላይ አድርጎ ነው፤ ሾፌር ወንበሩ ላይ ሁለት እጁን መሪው ላይ አድርጎ እንዲጠብቀው ይፈልጋልና። «ጠጥተሃል?» ሲልህ ዝም ማለት ነውር ነው፤ ባለጌ ይመስላል። «ሁለት ቢራ ብቻ» በለው። ይህን ዓረፍተ ነገር ሪፖርቱ ላይ እንዳለ ይገለብጠዋል። ሕጉ መንጃ ፈቃድህን፣ የመኪናውን ወረቀትና ኢንሹራንስህን እንድታሳይ ያስገድድሃል፤ ከየት እንደመጣህና ምን እንደጠጣህ እንድትተርክ ግን አያስገድድህም። ይሉኝታ ያለበት ሰው ይህን ልዩነት አያየውም።

ቀጥሎ የመንገድ ዳር ፈተና ይመጣል። ብዕር በዓይንህ ፊት ወዲያና ወዲህ ይሄዳል፤ አንገትህን ሳታዞር በዓይንህ ብቻ ትከተላለህ። ከዚያ ተረከዝህን ከጣትህ እያገናኘህ ዘጠኝ እርምጃ ትሄዳለህ፤ ዞረህ ዘጠኝ ትመለሳለህ። በመጨረሻ አንድ እግርህን አንሥተህ ጮክ ብለህ ትቆጥራለህ፤ ፖሊሱ ሠላሳ ሰከንድ ይይዝብሃል። ለክርስትናው ያደረግከው አዲስ ጫማ፣ ያዘነበለው አስፋልት፣ በጥር የሚጋረፈው ነፋስ ምንም አያግዱህም፤ እሺ በል። እነዚህን ፈተናዎች አልፈልግም ማለት በኦሃዮ መንጃ ፈቃድ እንደማያሳግድ ማንም አይነግርህም። ፈተናውን የወሰድክ እንደሆነ፣ ፖሊሱ የፌዴራሉን የትራፊክ ደኅንነት መሥሪያ ቤት መመሪያ በአብዛኛው መከተሉን ዐቃቤ ሕግ ማሳየት ይኖርበታል። ጠበቃ መጀመሪያ የሚጠይቀው የቪዲዮ ቅጂውን የሆነው ለዚህ ነው።

አራተኛ፣ ትንፋሽ መለኪያው። ጣቢያ ስትደርስ ቅጽ 2255 ይነበብልሃል፤ ሳታዳምጥ ራስህን ነቅንቅ። የሚነበበው ቀላል አይደለም፦ ነፍተህ ከመጠኑ በላይ ከሆንክ መንጃ ፈቃድህ ለ90 ቀን፣ አልነፋም ካልክ ለአንድ ዓመት እዚያው ይታገዳል፤ ዳኛ ፊት ሳትቀርብ። ይህ ለጀማሪ ነው፤ ቀድሞ የተመዘገበበት ሰው የበለጠ ያገኛል። እገዳውን ለመቃወም ፍርድ ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ በቀረብክበት ዕለት፣ ወይም ከዚያ ወዲህ በ30 ቀን ውስጥ መጠየቅ ነበረብህ፤ አንተ ግን ሥራ ይበዛብሃል። ጠበቃ ማሽኑን በጥቅሉ «አይታመንም» ብሎ መጣል አይችልም፤ የኦሃዮ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1984 በቬጋ ጉዳይ ዘግቶታል። የሚችለው የአንተን ልኬት መመርመር ነው፦ ከመንፋትህ በፊት 20 ደቂቃ ተጠብቀሃል ወይ? ከነዳህ በሦስት ሰዓት ውስጥ ተለካህ ወይ? ማሽኑ በጊዜው ተፈትሿል ወይ?

አምስተኛ፣ ከንቲባ ፍርድ ቤት ስትቀርብ ቶሎ «ጥፋተኛ ነኝ» በል፤ ለከሰዓቱ ሺፍት ትደርሳለህ። ከንቲባ ዳኛ መሆኑ አይግረምህ፤ ኦሃዮ ይህን ልማድ ጠብቀው ከቆዩት ጥቂት ግዛቶች አንዱ ነው። መጠጥ በሕግ በተከለከለበት ዘመን ኖርዝ ኮሌጅ ሂል የምትባል መንደር ከንቲባ ቱሚ የተባለን ሰው መጠጥ ይዞ ተገኘ ብሎ 100 ዶላር ቀጣው፤ ከንቲባው ከዚያ ጉዳይ 12 ዶላር ለራሱ ያገኝ ነበር፤ የሚያገኘውም ተከሳሹ ከተፈረደበት ብቻ ነው። የሲንሲናቲው ተወላጅ፣ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዋና ዳኛ ታፍት፣ በ1927 በጻፉት ውሳኔ ይህ ፍትሕ አይደለም ብለው ሻሩት። ስለዚህ ዛሬ ከቅጣትህ በግሉ የሚጠቀም ዳኛ የለም። ብቻ ጁሪ እዚያ የለም፤ ከጠየቅክ ጉዳይህ መሃል ከተማ፣ 375 ሳውዝ ሃይ ስትሪት፣ ወደ ፍራንክሊን ካውንቲ ማዘጋጃ ፍርድ ቤት ይዛወራል። ከተፈረደብህም በኋላ በ10 ቀን ውስጥ ይግባኝ ብትል እዚያው እንደ አዲስ ይታያል።

አስተርጓሚ አትጠይቅ። ፍርድ ቤቱ የማቅረብ ግዴታ አለበት፤ አንተ ግን ኮሙዩኒቲ ኮሌጅ ሁለት ሴሚስተር ተምረሃል። ዳኛው ዜጋ ላልሆነ ሰው ጥፋተኝነትን ማመን ከአገር ሊያስባርር፣ ዜግነት ሊያስከለክል እንደሚችል መንገር አለባቸው፤ አንተ ሰዓትህን እያየህ «የስ» በል። ከ2019 ወዲህ፣ ለዜግነት በሚመረመረው ጊዜ ውስጥ ጠጥቶ በመንዳት ሁለት ጊዜ የተፈረደበት ሰው መልካም ሥነ ምግባር እንደሌለው ይገመታል፤ ለዜግነት የሚሞላው ቅጽም ተይዘህ የተለቀቅክበትን ሁሉ ይጠይቃል።

ስድስተኛ፣ ቅጣቱን በጸጋ ተቀበል። በአሥር ዓመት ውስጥ የመጀመሪያህ ከሆነ ቢያንስ ሦስት ቀን እስር፣ ወይም በእሱ ፈንታ 72 ሰዓት ትምህርት፤ ትምህርቱ ብዙ ጊዜ ሆቴል ነው፣ ከፋዩም አንተ ነህ። መቀጮው ከሚያዝያ 2025 ጀምሮ ከ565 እስከ 1,075 ዶላር ነው፤ የመንጃ ፈቃድ እገዳ ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት፤ ስድስት ነጥብ፤ የኢንሹራንሱን ነገር ተወው። 0.17 ከደረስክ ትንሹ ስድስት ቀን ይሆንና ቀይ ቁጥር የተጻፈበት ቢጫ ታርጋ ይታደልሃል። ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ስታቆም እናቶች ነጠላቸውን አጣፍተው ያዩሃል፤ የማኅበሩ ስብሰባም አጀንዳ አያጣም። ሁለተኛው ቢያንስ አሥር ቀን፣ ሦስተኛው ሠላሳ ቀንና የመኪናህ መወረስ፣ አራተኛው ከባድ ወንጀል ነው። በሲዲኤል፣ በጭነት መኪና መንጃ ፈቃድ፣ እንጀራ የምትበላ ከሆነ፣ በግል መኪናህ ብትያዝም የጭነት መኪና ለአንድ ዓመት አትነዳም፤ ሁለተኛው ለዕድሜ ልክ ነው።

መቀጮውን ያሳደገው ሕግ የሊቭ ሕግ ይባላል፤ አሥር ዓመት ወደ ኋላ እንዲቆጠር ያደረገው የ2017ቱ ደግሞ የአኒ ሕግ። ሁለቱም የተሰየሙት ጠጥተው በነዱ ሰዎች ሳቢያ በሞቱ ሴቶች ስም ነው። መመሪያው ለእነርሱ የሚሆን ምክር ስለሌለው ወደ ሰባተኛው ያልፋል።

ሰባተኛ፣ ከጠበቃህ ደብቅ። ለፖሊስ ሳትጠየቅ የነገርከውን ለጠበቃህ አትንገረው፤ ያፍርብሃል። ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት ቨርጂኒያ የነበረውን፣ ግሪን ካርድህ ያለበትን ደረጃ፣ የጠጣኸውን መድኃኒት አታንሣ። ጠበቃው የሰማውን ለማንም እንዳያወጣ ሕግ አስሮታል፤ ፖሊሱ የሰማውን ለዳኛ ለመንገር ደመወዝ ይከፈለዋል። ከእኛ ብዙዎቻችን ሁለቱን አገላብጠን እንይዛቸዋለን፦ ለአንዱ ተናዛዥ፣ ለሌላው ባዕድ። ገንዘብ ከሌለህ፣ እስር በሚያስከትል ክስ ፍርድ ቤቱ ራሱ ጠበቃ ያቆምልሃል፤ ዘመድ እንዳይሰማ ብለህ እሱንም አትጠይቅ።

ከሁሉ በኋላ «ጊዜ ያጠፋዋል» ብለህ ተጽናና። የንስሐ አባትህ ቀኖና ሰጥተው ይፈቱሃል፤ ኦሃዮ ግን የዚህን ክስ ፍርድ ከመዝገብ አያሽግም። ስለዚህ መመሪያውን ከዳር እስከ ዳር ለመፈጸም ብርታት ያነሰህ እንደሆነ ሌላ ሰሚ ልጠቁምህ። እሱ ፖሊስም ጠበቃም አይደለም፤ ክርስትና የጠራህ ሰው ነው። ቁልፉን ስጠውና «ጠጥቻለሁ፣ አድርሱኝ» በለው። ለዚህ ቃል አስተርጓሚ አያስፈልግህም፤ ማንም በማስረጃ አያቀርብብህም።