ርቀት ለማስላት ለቸኮሉ

በሁለት ቦታዎች መካከል ያለውን ርቀት የሚያሰላ ኮድ ጻፉ ከተባሉ፣ ከሁሉ አስቀድመው ምድር ድቡልቡል መሆኗን ይርሱት። ትምህርት ቤት የተማሩት የፒታጎረስ ቀመር ይበቃዎታል። የኬክሮሱንና የኬንትሮሱን ልዩነት በ111 አባዝተው ቀመሩ ውስጥ ይክተቱት፤ ኪሎ ሜትሩ ይወጣልዎታል። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ይሠራል! አንድ የኬክሮስ ዲግሪ የትም ቢሄዱ 111 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የኬንትሮሱ ግን ከምድር ወገብ በራቁ ቁጥር እየጠበበ ይሄዳል፤ እኛ የራቅነው 9 ዲግሪ ብቻ ስለሆነ ስሕተቱ ከመቶ አንድ እጅ ቢሆን ነው። ማን ያየዋል?

የምታየው ኦስሎ ያለችው የአክስትዎ ልጅ ናት። እዚያ፣ 60 ዲግሪ ላይ፣ የኬንትሮስ ዲግሪ በግማሽ ተሸራርፎ 56 ኪሎ ሜትር ገደማ ይቀራል፤ ከቤቷ በስተምሥራቅ ያለው ሱቅ እጥፍ ርቆ ይታያታል። ደውላ ከጠየቀችዎ «ኔትወርክ ነው» ይበሏት።

ሕሊናዎ እምቢ ካለ ሃቨርሳይን የሚባለውን ቀመር ይቅዱ፤ የምድርን ራዲየስ 6371 ኪሎ ሜትር ብለው ይሙሉ። ወገቧ ላይ 6378፣ ዋልታዋ ላይ 6357 ገደማ ነው የሚል ሰው ከመጣ ሻይ ይጋብዙት። ዲግሪውን ወደ ራዲያን መለወጡን ግን ይተዉት። የኮምፒውተር ሳይንና ኮሳይን የሚያውቁት ራዲያን ብቻ ነው፤ 9 ሲሏቸው አንድ ሙሉ ዙር ዞረው፣ ሌላ ግማሽ ዙር ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ይቆማሉ። እንዲህ ሲሆን ከፒያሳ ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ይወጣል። የታክሲውን ሒሳብ ያስቡት።

ቅደም ተከተልም አያስጨንቅዎ። አንዱ ካርታ ኬክሮስን ያስቀድማል፣ ጂኦጄሰን የሚባለው የካርታ ፋይል ዓይነት ደግሞ ኬንትሮስን። ሳያጣሩ ካቀያየሯቸው መስቀል አደባባይ ከሰርዲኒያ ደሴት በስተደቡብ ሜዲትራኒያን ውስጥ ይሰጥማል። የባሕር በር ያማረው ሰው በዚህ ይጽናና።

እኔ በበኩሌ አንድ ጊዜ ሁሉንም በትክክል ሠርቼው ነበር። ለአንድ ምግብ አድራሽ መተግበሪያ ነው። ራዲያኑ ተለውጧል፣ ቅደም ተከተሉ ተፈትሿል። በራሴው ሥራ ኮርቼ ከቀለበት መንገዱ ማዶ ካለ ቤት ሽሮ አዘዝኩ፤ ርቀቱ 180 ሜትር። ሞተረኛው ደወለ።

«ጋሼ፣ በረንዳው ላይ የቆሙት እርስዎ ነዎት? እስቲ እጅዎን ያውለብልቡልኝ!»

አውለበለብኩለት። እሱም አውለበለበ። በመካከላችን አጥሩና መኪናው ነበር፤ መዞሪያው ደግሞ እኔም እሱም ከምናየው በላይ ሩቅ። ሽሮው ከ40 ደቂቃ በኋላ ቀዝቅዞ ደረሰ። የሞተረኛው ክፍያ ግን እኔ በጻፍኩት ቀመር የ180 ሜትር ሆኖ ተቆረጠ።