የ67 ቀን ፈውስ

ባግ፣ ማለትም የሶፍትዌር ስህተት፣ በሰው እጅ የሚጠገን የሚመስለው ካለ ዘመን አልፎበታል። ዛሬ የሶፍትዌር ኮድ በሚቀመጥበት ጊትሃብ ላይ ባግ የሚድነው በቀን ቆጠራ ነው። «ስቴል» የሚባለው ቦት፣ ቅንብሩን ካልነኩበት፣ 60 ቀን ማንም ያልጻፈበትን ሪፖርት «ቀዝቅዟል» ብሎ ምልክት ይለጥፍበታል፤ 7 ቀን ይታገሳል፤ ከዚያ ይዘጋዋል። 67 ቀን! ሰው ሞቶ እንኳ ሰማንያው ይወጣለታል፤ ባግ ግን ሳይሞት ይቀበራል።

ፈውሱን በዓይኔ አይቻለሁ። በአንድ የጽሑፍ ማዘጋጃ ላይ አራት ነጥብ ከቃሏ ተነጥላ ቀጣዩ መስመር ላይ ብቻዋን ትቀመጣለች፤ ጓደኞቿ ታክሲ ተሳፍረው ጥለዋት እንደሄዱ። ሪፖርት ከፈትኩ። ቅጹ ያልጠየቀኝ የእናቴን ስም ብቻ ነው፤ ቨርዥኑን፣ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙን፣ ችግሩን እንደገና ለማየት የሚደረገውን ሁሉ ሞላሁ፤ ስክሪንሹት አያያዝኩ። (ቅጹን አልነቅፍም። «አይሰራም» ብሎ ብቻ የሚልክ ሰው አለ፤ እኔም ልኬ አውቃለሁ።) ከዚያ የጠየቀኝ ስለሌለ ዝም ብዬ ጠበቅኩ፤ ጨዋነት መስሎኝ። በ60ኛው ቀን ቦቱ መጣ፤ «ስለ አስተዋጽኦዎ እናመሰግናለን» ይላል።

ብልጥ ሆንኩና ስልኬ ካላንደር ላይ፣ ከቤት ኪራዩ ጎን፣ «አራት ነጥብ» ብዬ መዘገብኩ። በየ59 ቀኑ «አሁንም አለ» እያልኩ እጽፋለሁ። አንዱ ተቆጣ፦ እንዲህ ያለ አስተያየት ለሁሉም ማሳወቂያ እየላከ ይረብሻል። እውነቱን ነው። ዝም አልኩ፤ ተዘጋ። አዲስ ከፈትኩ፤ «ተደጋጋሚ ነው፣ የቀድሞውን ይመልከቱ» ተባልኩ። የቀድሞው ተቆልፏል፤ «ችግሩ ካልተፈታ አዲስ ይክፈቱ» ይላል። ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ። የእኛዎቹ «ሲስተም የለም» ሲሉን ቢያንስ ከመስኮቱ ጀርባ ሰው ይታያል።

ጂኖም የሚባለውን የሊኑክስ ዴስክቶፕ የሚሠሩት ሰዎች ይህ የመዝጋት ጥበብ ሳይደርሳቸው ቀርቶ ተሰቃይተዋል። ጂቲኬ በሚባለው መሥሪያቸው ውስጥ ያለው ፋይል መምረጫ ፎቶዎችን በስም ብቻ ሳይሆን በትንንሽ ምስል ያሳይ የሚል ጥያቄ እ.ኤ.አ. በ2004 ቀረበላቸው። ዓመት በዓመት ሲቀለድባቸው ኖሮ በ2022 መለሱት፤ ያውም ኮድ ጽፈው! 18 ዓመት መታገል ምን አመጣው?

እንዲህ ያሉ ሶፍትዌሮችን የሚሠሩት በጎ ፈቃደኞች ያለ ደሞዝ፣ ከሥራ መልስ፣ በእንቅልፋቸው ሰዓት እንደሚደክሙ አውቃለሁ። «ጊዜ የለኝም» ቢሉኝ ቡና እጋብዛቸው ነበር። እንዲህ ካሉ ግን ሪፖርቱ ክፍት ሊቀር ነው፤ የክፍቶቹ ቁጥር ደግሞ ገጹ አናት ላይ ተጽፏል፤ እንግዳ ያየዋል።

ስለዚህ አንድ ማሻሻያ አለኝ። 67 ቀን ለምን ይባክናል? «ላክ» የሚለው እንደተጫነ ይዘጋ። ምስጋናውም ከሪፖርቱ ቀድሞ ይድረስ።

ይህን የጻፍኩት በዚያው ሶፍትዌር ነው፤ ባጉ ተዘግቷል
።